የወረቀት ቀለበት

ገንዘብ የተሰረቀ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ባሏን የተቀማች ሴት ቢያንስ ጎረቤት ሰብስባ ታለቅሳለች። ስሙን የተቀማ ሰውስ ለማን አቤት ይበል? ታላቋ እህት ግራ የገባት ይህ ነበር። ስሟን ወስደውባታል። የወሰደችው ደግሞ የገዛ ታናሽ እህቷ ናት፤ ይባስ ብሎ ልጅቱ መውሰዷን እንኳ አታውቅም። አውቃ ወስዳ ብትስቅባት ኖሮ መጣላት ይቻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ይሠራሉ። አንድ በር፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ መሐላቸው እጅ ቢዘረጋ የሚደረስ ክፍተት። ሥራውን የጀመረችው ታላቋ ናት። ሰው ሁሉ የደከመ ባትሪውን አውጥቶ በሚጥልበት ጊዜ እሷ ከፍታ፣ ውስጡ እንደ ባትሪ ድንጋይ የተደረደሩትን ሴሎች አንድ በአንድ በቴስተር ለክታ፣ የሞተውን አስወጥታ ያልሞተውን በቀጭን የብረት ጥብጣብ እየበየደች እንደ አዲስ ስታስነሳው፣ ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» አላት። በመንገድ ስታልፍ እንኳ «እጀ ወርቅ፣ እንደምን አደርሽ» ይሏት ነበር። ለሰላምታው መልስ የምትሰጠው ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ነው፤ ኩራት እንዳይመስልባት።

እናታቸው ስለ ታናሿ «ሚጣንም ሥራ አስይዢያት» ስትላት ታላቋ እሺ አለች። ያወቀችውን ሁሉ ሳትሰስት አስተማረቻት፤ ይህንን መካድ ነውር ነው፣ ሌላ ሌላ ትሁን እንጂ ንፉግ አልነበረችም። ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረቻት የወረቀት ቀለበቷን ነገር ነው። የሴል አናት መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ዙሪያ ከንፈሩ ግን ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለቱን የሚለያያቸው የጥፍር ስፋት የማይሞላ ክፍተት ነው። ጥብጣቡ ከንፈሩን ከነካ ሴሉ ይግላል፣ ከጋለ ይነዳል፣ ከነደደ ደግሞ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሴል አናት ላይ መሐሏ የተበሳ ወፍራም የወረቀት ቀለበት ትለጠፋለች። ታላቋ «ባትሪውን የሚያስኬደው ብረቱ ነው፣ ሰውን የሚያተርፈው ግን ወረቀቱ ነው» ትላት ነበር። ታናሿም ሰማች፤ ሰምታም በልቧ ያዘችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ፖስተኛው በሩ ላይ ቆሞ «እጀ ወርቅ የለችም?» ሲል ጠየቀ። ታላቋ ከሥራዋ ቀና ብላ «አለሁ፣ ግባ» አለችው። ሰውዬው አንገቱን አከክ አከክ አደረገና፣ አንቺን አይደለም፣ ሌላዋን ነው አላት። በቃ። ስም እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ሳይሰናበት። ከዚያች ቀን ወዲህ «እጀ ወርቅ» የሚባለው በመስኮቱ በኩል ያለው የታናሿ ጠረጴዛ ሆነ፤ እሷ ደግሞ «ታላቋ» ሆና ቀረች። ታላቅነት ማዕረግ መሆኑን የሚነግሯችሁ ሰዎች ታናሽ ኖሯቸው አያውቅም።

እርር ድብን አለች። ቅናት የሌለበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ እኔ በበኩሌ አላወጣም። ግን የእሷ ልክ አልነበረውም። ታናሿ ስትሠራ የምታንጎራጉራት ዜማ ትቆጠቁጣታለች። ደንበኛ ሲስቅ የሚስቅባት ይመስላታል። «የታናሿ ባትሪ እኮ አይሞቅም» ሲባል በሰማች ቁጥር የእሷ ይሞቃል እንደማለት ነው ብላ ትብግናለች። እበልጣታለሁ ብላም መቻኮል ጀመረች። ታናሿ አንድ ስትጨርስ እሷ ሁለት ልትጨርስ ትሯሯጣለች። ስትሯሯጥ ጊዜ የምትወስደውን ያቺን ቀለበት ተወቻት። በምትኳ ናስትሮ ቆርጣ ላጥ አድርጋ ትለጥፍና ታልፋለች። ባትሪ ላስቲክ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ሆዱን ማን ያየዋል? መሳቢያዋ ውስጥ የነበረው ቀለበት ካለቀ ቆየ፤ አልገዛችም።

ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው የእናቷን ነው።

እናታቸው ከዳቦ ቤት ዳቦ እየጫነች በባለሦስት እግር የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለየሱቁ ታደርሳለች። ባትሪዋ የታላቋ ሥራ ነበር፤ አርጅቶ ዳገት ላይ እምቢ ማለት ጀምሯል። ታላቋ እናቷ እስክትጠይቃት ጠበቀች። ሴሎቹን ሳይቀር መርጣ ለይታ አስቀምጣለች፤ ግን ሳልጠየቅ አልሰጥም ብላ ኮራች። አንድ ጠዋት ደወል ሰማችና ብትወጣ፣ እናትየዋ ከነብስክሌቷ በሩ ላይ ቆማ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። ሚጣ አዲስ ሠርታላት ዳገቱን እያፏጨች ነው የወጣችው። ታላቋ ደስ ይላል አለች። ጥርሷ ሳቀ፣ አንጀቷ አረረ። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም ብላ ስትጠይቃት እናትየዋ እንዳላደክምሽ ብዬ ነው አለቻት። እንዳላደክምሽ! እናት እንኳ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ልቧ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ጀመር፤ ያ ባትሪ ሆዱ ብልሹ ሆኖ እንዲገኝ። ላዩማ ያምራል። ውስጡ ግን ማን ያውቃል? ምናልባት አሮጌ ሴል ጠቅጥቃበት ይሆናል፤ ምናልባት ብየዳው ለስሙ ነው፤ ምናልባት ቀለበቷን እሷም ትታታለች። ይህን ብቻ ልይና ከዚያ ወዲያ ዝም እላለሁ ብላ ለራሷ ማለች። እናቷን ቻርጀሩና ባትሪው ይስማሙ እንደሆነ ላየው፣ ለግማሽ ቀን ተይልኝ አለቻት። እናት ምን ትጠርጥር? ትታላት ሄደች። ታናሿ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ነበር።

ላስቲኩን በጥንቃቄ ሰነጠቀችው። ክዳኑን አነሣች። ዓይኗ ጉድለት ፍለጋ ሮጠ።

ምንም የለም። ሴሎቹ ከአንድ ዓይነት፣ አዲስ፣ ልክ ለልክ የተመረጡ። ብየዳው ነጥብ ነጥቡ እኩል። በእያንዳንዱ አናት ላይ ቀለበቷ ነጭ ሆና ቁጭ ብላለች፤ አንዲት እንኳ አልጎደለችም። ይህስ ይሁን፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ልትል ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ ያየችው ነው የገደላት። በረድፍና በረድፍ መሐል ታናሿ እሳት የማይበላው ስስ ግርዶሽ አቁማለች፤ አንድ ሴል ቢነድ እንኳ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር። ይህንን ያስተማራት የለም። ከራሷ ያወጣችው ነው። ታላቋ ይህን ያህል ዘመን ሠርታ ግርዶሽ ማቆም ለምን ጭራሽ እንዳልመጣላት እያሰበች ደርቃ ቀረች።

እዚህ ላይ ብትዘጋው ኖሮ ታሪክ የለም። ግን ቅናት እጅ እግሩን ሰብስቦ አይመለስም። የቀረኝ ብየዳው ነው አለች፤ ላዩ ያማረ ብየዳ ውስጡ ልል ሊሆን ይችላል። በሥራቸው ብየዳ የሚፈተነው ጥብጣቡን በፒንሳ ይዞ በመጎተት ነው፤ ልል ከሆነ ላጥ ብሎ ይነሣል፣ ጠንካራ ከሆነ ብረቱን ይዞ ይቀደዳል። ይህ ፈተና የሚደረገው በሚጣል ሴል ላይ ነው፤ ሰው በሚነዳው ባትሪ ላይ ማንም ጤነኛ አያደርገውም። እሷም ይህን ለታናሿ ደጋግማ ነግራታለች። ፒንሳውን አነሣች። በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ያለውን የዳር ሴል ጥብጣብ ይዛ ጎተተች። አልነቃነቅ አላት። አጥብቃ ጎተተች። ጥብጣቡ ቀለበቷን ሸርክቶ ብረቱን ይዞ ተቀደደ። ጠንካራ ነበር። አላመነችም፤ ከግርዶሹ ወዲያ ያለውንም ጎተተች፤ እሱም እንደዚያው ተቀደደ።

ሁለት የተቀደደ ጥብጣብ፣ ሁለት የተቀደደ ቀለበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በፍጥነት አዲስ ጥብጣብ ቆርጣ ልትበይድ ተቀመጠች። መጀመሪያ ግን ሁለት የወረቀት ቀለበት ያስፈልጋል። የእሷ መሳቢያ ባዶ ነው። የታናሿ መሳቢያ ክንድ ቢዘረጋ ይደረሳል፤ ውስጡ ቀለበት በሳጥን ሙሉ እንዳለ ታውቃለች። እጇ ተዘረጋ። መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከእሷ መሳቢያ? የእሷን ባትሪ ለመድፈን የእሷን ወረቀት ልለምን? ከዚህ ሞት ይሻላል አለችና እጇን መለሰች። ናስትሮ ቆርጣ ለጠፈች፣ ጥብጣቡን በናስትሮው ላይ አስቀምጣ በየደች፤ እየተቻኮለች ስለነበር ብየዳው ተጣመመ። የግቢው በር ሲንኳኳ ክዳኑን ገጠመች፣ ላስቲኩን አለበሰች። ታናሿ ዕቃ ተሸክማ ገብታ፣ የእማዬ ባትሪ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ታላቋ ቻርጀሩን አይቼላት ነው አለች። ታናሿ አመሰገነቻት።

እናትየዋ ባትሪዋን ወስዳ በዚያ በድንጋይ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨች ዳቦዋን ማድረሷን ቀጠለች። ለታላቋ ደግሞ ሥራ አልያዝ አላት። ናስትሮ ለስላሳ ነው፤ መንገጫገጭ ጥብጣቡን ያፋትገዋል፤ የተፋተገ ናስትሮ ይበሳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልጋትም። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ያ ነገር ቢነድ የሚነደው የማን ሥራ ይባላል? የእጀ ወርቅ። ይህን ስታስብ ሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ደስ አላት። ደስ እንዳላትም አወቀች፤ አውቃም ደነገጠች። ቀጥሎ የእናቷ ቤት ታየቻት። አንድ በር፣ ከበሩ ጀምሮ ጠባብ ኮሪደር፣ ብስክሌቷ ሶኬቱ እዚያ ነው ተብሎ በሩ ሥር የሚሰካ፣ ካፖርቶቹ በላዩ የተሰቀሉ። በሩ ሥር እሳት ቢነሣ መውጫ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ወደ እናቷ ሄደች። እውነቱን ግን ይዛ አልሄደችም። በመጀመሪያ ባትሪውን ግቢ አውጥተሽ ቻርጅ አድርጊው አለቻት፤ እናት እንዲሰርቁኝ ነው ወይ አለች። ከዚያ እኔ አዲስ ሠርቼ በስጦታ እሰጥሻለሁ፣ ይህን መልሺላት አለቻት። እናት ከመነጽሯ በላይ አየቻት። በመጨረሻ ታላቋ፣ የእሷ ሥራ አያስተማምንም፣ እኔ ስለማውቅ ነው የምልሽ አለች።

እናትየዋ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ይሄ ቅናት ነው» አለቻት። «ሕፃን እያላችሁም ሚጣ የጨርቅ አሻንጉሊት ስትሠራ፣ ምን እንደሞላችበት ልይ ብለሽ ሆዱን የቀደድሽው አንቺ ነሽ። ያኔ ልጅ ነሽ ብዬ ዝም አልኩሽ።»

ታላቋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር እናቷ ያን ባትሪ በዚያው ሰዓት ከቤት ታወጣው ነበር። ዓረፍተ ነገሯ አፏ ድረስ መጥታ ተመለሰች። የተናገረችው ውሸት ሁሉ ቅናት መሰለ፤ ቅናት ያልሆነው አንድ እውነት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማውጣት አቃታት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የዕረፍት ቀን ሦስቱ እናታቸው ቤት ምሳ ይበላሉ፤ ልማዳቸው ነው። የዚያን ቀንም ተሰበሰቡ። ባትሪው በሩ ሥር ተሰክቷል። ታላቋ ጀርባዋን ለኮሪደሩ ሰጥታ መቀመጥ ስላልቻለች ቦታ ቀየረች። እናትየዋ ስለ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት እያወራች ሁለቱንም ታስቃቸዋለች፤ ታላቋም ትስቃለች፤ አንድ ጆሮዋ ግን በሩ ሥር ነው። ከጆሮዋ በፊት አፍንጫዋ ሰማ። እንደ ጥፍር ቀለም ያለ ጣፋጭ ሽታ። ይህን ሽታ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ካሸተተው አይረሳውም፤ ሴል ሊተነፍስ ሲል የሚያወጣው ነው። ታናሿም አሸተተችው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ታላቋ እናቷን በብብቷ ገብታ አነሣቻትና ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ገፋቻት። ውጪ አለቻት። እናት በዚህ ዕድሜዬ በመስኮት እያለች፣ ምሳው ሊቀዘቅዝ ነው እያለች፣ አንድ ጫማዋን ጥላ ወጣች። ታላቋ ስትመለስ ታናሿ ቻርጀሩን ነቅላ ባትሪው ላይ ተንበርክካለች። መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ፊቷ ከቻርጀሩ ቀዳዳ ስንዝር አይርቅም።

ታላቋ ተነሺ አለቻት። ታናሿ ራሷን ነቀነቀች። የእኔ ባትሪ እንዲህ አያደርግም፣ ቀለበት ሁሉም ላይ አለ፣ በመሐል ግርዶሽ አለ፣ ቻርጀሩ ነው የጋለው አለች። ልክ ነበረች፤ የእሷ ባትሪ እንዲህ አያደርግም። እንዲያውም ከፍታ ለማየት ካቻቢቴዋን ከኪሷ አወጣች።

«ከፍቼዋለሁ» አለች ታላቋ።

ታናሿ ቀና ብላ አየቻት። ምን እንደሰማች ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ለምን ብላም አልጠየቀችም።

«የት ጋ?» አለች።

«በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል፣ ዳሩ ላይ። ሁለት ሴል።»

ታናሿ ፊቷን ወደ ኋላ መለሰች፤ ወዲያው ከዚያው ከተባለው ቦታ ነጭ ጢስ ፊሽ ብሎ ወጣ፤ ተከትሎትም የእሳት ምላስ ግድግዳውን ላሰው። አንዱ ካፖርት ተያያዘ። ታላቋ ካፖርቱን ጎትታ ረገጠች፤ ታናሿ የወለል መወልወያውን ጨርቅ ውሃ ነክራ በእሱ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን እጀታ ያዘችና ባትሪውን ከብስክሌቱ መዥረጥ አድርጋ በበሩ ወደ መንገዱ ወረወረችው። ጎረቤት ወጣ። ውሃ በባልዲ መጣ። ግማሽ በርሜል ሞልተው ባትሪውን ከተቱት፤ ታናሿ እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው ብላ አጠገቡ ቆመች። እናትየዋ በአንድ ጫማ ቆማ ታያለች። ከጎረቤቶቹ አንዱ የእጀ ወርቅ ባትሪ ነደደ ሲል ታላቋ ሰማች። ታናሿም ሰማች። አፍ እግር አለው፤ ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰው።

በማግስቱ ጠዋት በርሜሉን በጋሪ ወደ ሥራ ቤታቸው ግቢ ካመጡ በኋላ ታላቋ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። የከፈትኩት እኔ መሆኔን ለሰው ንገሪ፣ አልቆጣሽም አለቻት።

«እኔ ብናገር የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሚሉኝ» አለች ታናሿ ሳታያት። «መናገር ያለበት አፍ አንቺ ጋ ነው።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም፤ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ሰልፍ ነው። ሰው የታናሿን ባትሪ ታቅፎ መጥቷል። አንዱ እኔስ አላመንኩም፣ ሚስቴ ናት ከቤት አውጣልኝ ያለችኝ ይላል። ሌላዋ ለመያዝ እንኳ ፈርታ በፎጣ ጠቅልላዋለች። ፖስተኛው ቀና ብሎ ማየት አፍሮ፣ ለጥቂት ጊዜ ልተውልሽ ብዬ ነው ይላል። ታናሿ አንድ በአንድ ትቀበላለች፤ ተቀብላም ከበሩ ርቃ፣ አንዱን ከሌላው ክፍተት እየሰጠች መሬት ላይ ትደረድራለች። ሥራዋን እየመለሱባት እንኳ እሳት እንዳይሻገር ትጠነቀቃለች።

ታላቋ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ አየች። ይህን ተመኝታው ነበር። ልክ ይህንኑ፣ ከነሰልፉ። ምን ይደረግ፣ ሰው ነችና ለአፍታ ጣፈጣት። ከዚያ የታናሿን ጀርባ አየች፤ ጎንበስ ቀና ሲል። ጣዕሙ አፏ ውስጥ መረረ።

ተነሣች። ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች። ከፍቼው ነበር፣ ጉድለት ላገኝበት ብዬ። እሷ ሳታውቅ።

ፖስተኛው ራሱን ነቀነቀና፣ «አቤት እህትነት!» አለ። «ለእህቷ ስትል ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደች።»

ሁሉም ተቀበሉት። ታላቅ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ እህት የት ይገኛል ተባለ። ፎጣ የያዘችው ሴት ዓይኗን ጠረገች። እንዲህ ባለ ዓይን ካዩዋት ስንት ዘመን ሆነ! ያን ሁሉ ጊዜ የራባት ይኸው ነበር፤ አሁን በሰፊው ቀረበላት። ዝም ብትል ኖሮ የእሷ ነበር፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። ታናሿ ቀና ሳትል መደርደሯን ቀጠለች።

ታላቋ ወደ ግቢው ወጥታ ባትሪውን ከበርሜሉ አወጣችው። ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የተረፈውን ላስቲክ ገፈፈች፤ ሰዎቹም ከበቧት። እናትየዋ ዳቦ የጫነውን ብስክሌቷን ያለ ባትሪ በእጇ እየገፋች ስታልፍ ሰዉን አይታ ገባች። አንድ ሴል ከስሏል። ከግርዶሹ ወዲያ ያሉት ሁሉ እንዳሉ ናቸው፤ ናስትሮ ከለበሰው ከአንዱ በቀር ቀለበቶቻቸው እንኳ ነጭ ናቸው። ታላቋ ይህን ስታይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ እንደገና ቀናች። ግርዶሹ ሠርቷል። እናታቸውን ያተረፋት ይህ ነው፣ የእሷ አይደለም።

«ይህ የእሷ ብየዳ ነው» አለች በካቻቢቴዋ ጫፍ እያመለከተች። «እኩል ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀለበት አለው። ይህ ደግሞ የእኔ ነው። ተጣሟል። ሥሩ ናስትሮ ነው። የከሰለውም እንዲሁ ነበር። ቀለበቱ እዚህ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ከእሷ አልወስድም ብዬ ነው።»

ሰው አንገቱን አሰገገ። እናትየዋ መነጽሯን አደረገች፣ ጎንበስ ብላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ታላቋ የፈለገችው እናቷ ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አድርጋ እንድትፈርድ ነበር።

«ያስታውቃል» አለች እናትየዋ። በክፋት አልነበረም። ስላየችው ነው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ ዳቦዋ ወጣች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ባትሪያቸውን ከመሬት አነሡ። ለታናሿ ይቅርታ የሚሉም ነበሩ፤ እሷ ግድ የለም ትላለች። ስለ እህትነት ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም። ታላቋን በጎን እያዩ ወጡ።

ፖስተኛው ግን አልወጣም። ሄዶ ከብስክሌቱ ኋላ ሌላ ባትሪ ይዞ ተመለሰ። የባለቤቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ከኋላ አስቀምጣ የምትነዳው። ታላቋ ወዲያው አወቀችው፤ የእሷ ሥራ ነው፣ ከዚያ ከሚቻኮለው እጇ የወጣ። ሰውዬው ወዴት እንደሚያስቀምጠው ትንሽ አመነታና በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ልብ ለማሳረፍ ያህል ነው አለ፤ ያለውን ለማን እንዳለው ግን አልታወቀም።

ታናሿ ካቻቢቴዋን አነሣች። ባትሪውን ግን አልነካችውም። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ እህቷን አየቻት።

«እትዬ፣ ልክፈተው?»

ታላቋ በዚያ ላስቲክ ሥር ምን እንዳለ ታውቃለች። ከዳር እስከ ዳር ናስትሮ ነው። ተይው፣ እኔ ራሴ አየዋለሁ ብትል ማንም አይከለክላትም ነበር፤ ታናሿም እሺ ትል ነበር። ፖስተኛው ቆሞ ይጠብቃል።

«ክፈቺው» አለች። ከዚያ የራሷን መብራት ከጠረጴዛዋ አንሥታ አቀረበችላት።